ተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ሲሠራ፦ ፈቃዱ፣ ድጋፍ ግንቡና የዝናቡ ውሃ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን የካ አባዶ አካባቢ 250 ካሬ ቦታ አላቸው። ፊቱ 12 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር ነው። ቦታው ከመንገዱ ወደ ኋላ ቁልቁል ይሄዳል፤ የጀርባው ወሰን ከመንገዱ ሁለት ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። «ኋላውን በአፈር ሞልቼ ሜዳ ላድርገውና ጂ ፕላስ ዋን ልሥራ» ብለው ኤክስካቫተር አስገቡ። ማሽኑ ሥራ እንደጀመረ ከታች የሚኖሩት እማማ «ክረምት ሲገባ አፈሩም ውሃውም እኔ ላይ ነው የሚወርደው» ብለው ወረዳ አመለከቱ። ደንብ ማስከበር መጥቶ ሥራ አስቆመ። አሁን የሚጠይቁት፦ መሬት ለማስተካከል ብቻ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ድጋፍ ግንቡን ወሰኑ ላይ ማቆም እችላለሁ? ውሃውንስ ወዴት ልልቀቀው?

መልሴ ረዘም ይላል። ከሦስቱ ጥያቄዎች ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ሁለቱም እሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ከፈቃዱ ልጀምር። መሬት ማስተካከል ከግንባታ ፈቃዱ ተነጥሎ የሚታይ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው «ገና ቤት አልጀመርኩም፣ አፈር ነው የማነሳው» ይላል። ደንብ ማስከበር ይህን አይሰማም። ማሽን ገባ ማለት ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሁለት ሜትር ተኩል ሙሌት ጎረቤትን የሚነካው ከቤቱ ይበልጥ ነው። ስለዚህ ቆረጣውና ሙሌቱ፣ ድጋፍ ግንቡና የዝናብ ውሃ መውረጃው በዲዛይኑ ላይ ተስለው ከቤቱ ጋር አብረው ይጽደቁ። የአጥር ፈቃድ ይዞ «ግንቡም በዚሁ ያልፋል» ማለት አያዋጣም። አጥር የሚሸከመው ራሱን ነው፤ ድጋፍ ግንብ ግን መሬት ይሸከማል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። በዚያ አከፋፈል ከሁለት ወለል በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነው። የእርስዎ ጂ ፕላስ ዋን ምድሩና ፎቁ ሁለት ወለል ስለሆነ ምድብ ለ ውስጥ ይገባል። ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ወይም የሕዝብ መገልገያ የሆኑ ሕንፃዎች ምድብ ሐ ናቸው። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ዲዛይንና ክትትልም ይከብዳል። ተዳፋት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከመንገዱ በታች ባለው ክፍት ላይ «ዕቃ ቤት ይሁን» ብለው አንድ ክፍል ቢያስገቡ፣ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ እንደ ተጨማሪ ወለል ሊቆጥርብዎ ይችላል። ዲዛይነሩ ይህን ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከሚገልጸው የፕላን ስምምነት ጋር አስቀድሞ ያመሳክር። ሕግና መመሪያ ስለሚሻሻልም ፋይልዎን ከማስገባትዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ዝርዝር ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ መስኮት ይውሰዱ። የደላላ ዝርዝር አይመኑ።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል መዝገባቸው የዞረ ሠፈሮች አሉ፤ ኮዬ ፈጬ አንዱ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ ከ2015 ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናችሁ። ፈቃድ የምትጠይቁትም እዚያው ነው። ካርታችሁ ላይ ያለውን ማኅተም አይታችሁ ሂዱ።

እማማ ትክክል ናቸው ወይ? በከፊል አዎ። የሕንፃ አዋጁ ቁፋሮ የጎረቤትን ንብረት የሚያሰጋ ከሆነ የቦታው ባለቤት አስቀድሞ መከላከያ እንዲሠራ ያስገድዳል። ከዚያ በፊትም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ማንም በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል። «የራሴ ቦታ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል።

ግን ውሃው ላይ አንድ ልዩነት አለ። ዝናብ ሜዳ ላይ ዘንቦ በሣሩ መሐል እየሰረገ፣ በስሱ ተበትኖ ወደ ታች ሲወርድ የኖረ ነገር ነው። እማማ ቤታቸውን ሲሠሩም ይወርድ ነበር። እርስዎ ግን ግቢውን ሲሚንቶ ካለበሱት፣ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስበው በአንድ ቱቦ ካወረዱት፣ ያ ሌላ ውሃ ነው። መጠኑም ፍጥነቱም ጨምሯል፤ የሚወርደውም አንድ ነጥብ ላይ ነው። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። ጣራዎ 110 ካሬ ቢሆን፣ አንድ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣራው ብቻ 3,300 ሊትር ያወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ብርቅ አይደለም። ይህ ሁሉ የእማማን ግድግዳ ሥር በአንድ ቦታ ሲመታው ያስቡት።

ደግነቱ የጣራው ውሃ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ጣራው ከመንገዱ ከፍ ስላለ አሸንዳውን ወደ ፊት አዘንብሎ ውሃውን ወደ መንገዱ ቦይ መውሰድ ይቻላል። አናጺው እንዳመቸው ወደ ኋላ አያዘንብለው፤ ይህ በዲዛይኑ ላይ ይጻፍ። መሐል ላይ ሮቶ ይግባበት። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ የዝናቡን የመጀመሪያ ጉልበት ይይዛል፣ የተረፈው ወደ ቦዩ ያልፋል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ ልብስ ያጥባል። ማሳሰቢያዬ፦ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሮቶው ባዶ ካልሆነ ምንም አይይዝም።

ወደ መንገዱ ቦይ ለመልቀቅም ዝም ብሎ አጥር በስቶ ቱቦ ማውጣት የለም። መንገዱና ቦዩ የመንገዶች ባለስልጣን ነው፤ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ከመነካቱ በፊት ፈቃዱ ከእነሱ ይገኛል። ወረዳውም የት እንደሚያገናኙ ይነግርዎታል። ሳይት ፕላኑ ላይ ቱቦው የሚወጣበት ቦታና ከፍታው ቁጥር ተጽፎበት ይግባ። ቦዩ ውስጥ የሚገባው የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። የኩሽናም የመታጠቢያም ፍሳሽ አይገባበትም። በተቃራኒው የጣራ ውሃ ወደ ውሃና ፍሳሽ ማንሆል የሚያስገቡ አሉ። ያ መስመር ለዝናብ ስላልተሠራ ክረምት ላይ የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

ስለ መግቢያዎ መሻገሪያም ልናገር። መኪና ለማስገባት ቦዩ ላይ ኮንክሪት ይደፋል፤ ከሥሩ አንዲት 20 ሳንቲ ቱቦ ትቀመጣለች። ሁለት ሃይላንድና አንድ ፌስታል ሲደርሱ ይዘጋል። ከዚያ የመንገዱ ውሃ በሙሉ የሚገባው ቁልቁል ወዳለው ግቢ፣ ማለትም ወደ እርስዎ ነው። መሻገሪያው የቦዩን ሙሉ ስፋት ይተው። ላዩ የሚነሳ ክዳን ወይም ግሪል ይሁን፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ተነሥቶ ይጠረግ።

የመንገዱን የመጨረሻ ከፍታም ይጠይቁ። ዳር ዳር ባሉ ሠፈሮች መንገዱ ገና ጥርጊያ እያለ ቤት ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ሰሌክት (የተመረጠ የመንገድ አፈር) ተደፍቶ፣ ኮብልስቶን ተነጥፎ መንገዱ ከፍ ይላል። ሦስት ደረጃ ወርደው የሚገቡባቸው ግቢዎች የዚህ ውጤት ናቸው። ባለቤቶቹ ሲሠሩ ልክ ነበሩ። ለመንገዱ ዲዛይን ተሠርቶለት ከሆነ ከፍታውን ወስደው የቤቱን ወለል ከዚያ በላይ ያድርጉት። ካልተሠራለት ደግሞ ከፍ ማለቱን ታሳቢ አድርገው የግቢውን በር ያንሱ።

አሁን ወደ ከባዱ። የኋላ ግቢዎ ውሃ ወደ መንገዱ አይወጣም፤ ውሃ ዳገት አይወጣም። እርስዎ ያሰቡት ኋላውን ሁለት ሜትር ተኩል ሞልቶ ግቢውን በሙሉ ወደ መንገዱ ማዘንበል ነው። ሐሳቡ ለውሃው መጥፎ አይደለም። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን በግንቡ ነው።

ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ደረቅ አፈር በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ በግምት ሁለት ቶን ይገፋል። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ከሞላ ይህ ወደ አራት ቶን ይደርሳል። በ12 ሜትር ተኩል ርዝመት ሲባዛ 50 ቶን ነው። ግንብ የሚናደው ነሐሴ ላይ የሆነው ለዚህ ነው፤ አፈሩ ያው የሰኔው አፈር ነው፣ የተጨመረው ውሃው ነው። የከፍታው ነገር ደግሞ በእጥፍ አይሄድም። ቁመቱን ግማሽ ሲያደርጉት ግፊቱ ሩብ ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ቦታውን ሜዳ አያድርጉት። ሁለት እርከን ያድርጉት። የፊቱን ክፍል በመንገዱ ልክ ያቁሙ፤ ቤቱ መሐል ላይ መሠረቱ በደረጃ ይውረድ፤ የኋላ ግቢው አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የጀርባው ግንብ ቁመትም አንድ ሜትር ከሩብ ብቻ ይሆናል። በደረቁ በሜትር ግማሽ ቶን፣ ውሃ ቢሞላው እንኳ አንድ ቶን ይገፋዋል። ድንጋዩም ሲሚንቶውም ይቀንሳል። እማማም ከመስኮታቸው ፊት ሁለት ሜትር ተኩል ግንብ፣ በላዩ ሁለት ሜትር ብሎኬት አጥር አይቆምባቸውም። ሜዳ ግቢ ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። የኋላው እርከን ላይም ይጫወታሉ።

ግንቡ ወሰን ላይ ይቆማል ወይ ላሉት፦ አይቆምም ብለው ይነሱ። በድንጋይ የሚሠራ ድጋፍ ግንብ እግሩ ሰፊ ነው፤ ከቁመቱ ግማሽ በላይ ይጠይቃል። ሁለት ሜትር ተኩል ግንብ ከታች ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይፈልጋል። እግሩ በሙሉ በእርስዎ ካርታ ውስጥ መሆን አለበት። ለእግሩ ሲቆፈርም የእማማ አፈር እንዳይናድ ከወሰኑ ገባ ማለት የግድ ነው። ከወሰኑ ግማሽ ሜትር ያህል ገብተው ቢሠሩ ከግንቡ ፊት ለጠባብ ቦይ የሚሆን ቦታ ያገኛሉ። ይህቺን ግማሽ ሜትር አይሰስቱ። ግንበኞች ግንቡ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተዋሉ፤ ልክ ነው፣ በየአንድ ተኩል ወይም ሁለት ሜትሩ መኖር አለበት። ግን ግንቡ ወሰን ላይ ከሆነ ቀዳዳዎቹ የሚተፉት እማማ ግቢ ውስጥ ነው። ቦዩ ካለ ውሃው እርስዎ ጋ ይቀራል።

ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ስፋት ያለው ጠጠር ከሥር እስከ ላይ ይሙላ። በጠጠሩና በአፈሩ መሐል ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ይግባ፤ ካልሆነ ጭቃው ጠጠሩን ይዘጋዋል። ከሥር የተበሳሳ ፒቪሲ ቱቦ ተዘንብሎ ይተኛ። ይህን ሲያልቅ ማንም አያየውም፤ ስለዚህም ነው የሚዘለለው። ፎርማኑ «ቀዳዳውን ትተናል፣ ይበቃል» ሲልዎ ጠጠሩ ሲገባ እዚያው ቆመው ይዩ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱ።

ሙሌቱ ላይ አልቆይም። በ20 ሳንቲ ንብርብር እየተነጠፈ፣ በልኩ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። ጥቁር አፈር ለሙሌት አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግንቡንም በየዓመቱ ይገፋዋል። የቤቱ መሠረት ደግሞ ሙሌቱን አልፎ ተፈጥሯዊው አፈር ላይ ይረፍ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ከቤቱ እየራቀ ይውረድ፤ ቦታው ካልበቃ ሲሚንቶ ለብሶ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ይዘንብል።

የኋላው ቦይ ውሃ ታዲያ መጨረሻው የት ነው? የጣራውንና የፊቱን ውሃ ወደ መንገድ ከወሰዱ የሚቀረው 50 ካሬ ያህል ግቢ ነው። በዚያው የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,500 ሊትር ቢሆን ነው፤ ሣር ከሆነ ከዚያም ያንሳል። እዚህ ላይ አፈሩን ይፈትኑት። ቦዩ በሚያልፍበት ልክ አንድ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፣ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፣ በማግስቱ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት ሳንቲ እንደወረደ ይለኩ። ቶሎ የሚሰርግ ከሆነ በድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል፤ ከግንቡም ከእማማም መሠረት ይራቅ። ጥቁር አፈር ከሆነ ግን ማስረጊያ አይሞክሩ። መስከረም ድረስ ኩሬ ሆኖ ነው የሚከርምልዎ።

በዚያን ጊዜ የተሻለው መንገድ በእማማ ግቢ ዳር ዝግ ቱቦ አሳልፎ እስከ ታችኛው መንገድ መውሰድ ነው። ያለ ፈቃዳቸው አይሆንም። ግን እስካሁን የተበታተነው ውሃ እርስዎ ሳይኖሩም በግቢያቸው ያልፍ ነበር፤ ቱቦው እሱንም ይሰበስብላቸዋል። ወጪው የእርስዎ፣ ጥቅሙ የሁለታችሁ ነው። ቱቦው 16 ሳንቲ ቢሆን ለሚያልፍበት ውሃ ይተርፈዋል፤ በየመታጠፊያው መጥረጊያ ሳጥን ይኑረው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቱቦው የሚያልፍበት ቦታ፣ የሚጠርገው ሰው፣ ቢዘጋ የሚገባበት ሁኔታ ይጻፍ፤ ምስክሮች ይፈርሙ። የሠፈር ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ። ጠበቃ አስቀድመው አይላኩ፤ በር የሚዘጋው ያኔ ነው።

ሴፕቲክ ታንክዎንም የት እንዳሰቡት አልጻፉም። አብዛኛው ሰው ኋላ፣ ግንቡ ጋ ያደርገዋል፤ ቦታው ዝቅ ስለሚል ይመቻል። አልመክርም። ታንኩ ቢያልብ የሚያልበው ግንቡ ጀርባ ነው፤ ማስረጊያው ደግሞ ግንቡን ዓመቱን ሙሉ ያርሰዋል። ወደ ፊት ያምጡት። መምጠጫ መኪናውም የሚቆመው መንገድ ላይ ነው።

አሁን የቆመው ሥራ። ክረምት እየመጣ የተከፈተ አፈር እንዲሁ አይቀመጥም። ወረዳው ጋ ሲቀርቡ ሙሉ ሥራውን እንዲለቁልዎ አይጠይቁ፤ ፈቃዱ እስኪወጣ መከላከያ ብቻ እንዲሠሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። መንገዱ ዳር ውሃ የሚመልስ ትንሽ ቦይ፣ የተቆፈረው ላይ ሸራ፣ ታች በኩል በአሸዋ የተሞላ ጆንያ። ለዚህ እሺ የማይል ኃላፊ ብዙም አላየሁም፤ አፈሩ ቢናድ ጥያቄው እሱም ጋ ይደርሳል።

ከማሽኑ የወጣውንም አፈር ያስቡበት። የሲኖትራክ ሾፌሩ «የምደፋበት አውቃለሁ» ይልዎታል። የሚያውቀው ቦታ ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር ነው። ከተማው በወንዝ ዳርቻ ላይ ቆሻሻና አፈር ስለሚደፋ ሰው ጥብቅ ደንብ አለው፤ የሚያዘው ሾፌሩ ብቻ አይደለም፣ አፈሩ የማን ነው ይባላል። የሚደፋበትን ቦታ ወረዳው እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ከአፈሩ ጥሩውን ለሙሌት አስቀርተው ይሸፍኑት።

ወረዳው ጋ በሚቀርቡበት ቀን ይዘው የሚሄዱት ካርታዎን፣ ፕላን ስምምነቱን፣ ቀያሽ የሠራውን የከፍታ ልኬት፣ ሁለቱን እርከንና የውሃ መውጫውን የሚያሳይ ንድፍ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ከሰዓት እማማ ቤት ገብተው፣ እሳቸው ባሉበት ግድግዳቸውን ዙሪያውን ፎቶ ያንሱ። አሁን ያለው ስንጥቅ ሁሉ ቀን ተጽፎበት፣ አንድ ቅጂ ለእሳቸው አንድ ለእርስዎ ይሁን። ይህን ያደረገ ሰው በኋላ «ይሄ ስንጥቅ የአንተ ነው» ቢባል የሚመልሰው አለው፤ እሳቸውም ያልነበረ ስንጥቅ ቢመጣ የሚያሳዩት አላቸው።